ኔት ሳይጠፋ ስልካችሁን አስተካክሉ

ነሐሴ 2015 ጎንደር ላይ የሞባይል ዳታ የጠፋ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ፒያሳ ቆሞ ቪፒኤኑን ደጋግሞ ይነካካል። «ኮኔክት አልል አለኝ እኮ!» ቪፒኤን ኔት አይፈጥርም ወንድሜ። ባለው ኔት ላይ ሌላ መንገድ ያወጣል እንጂ። ዳታው የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ እሱም ያን ቪፒኤን እስከዛሬ ይረግመዋል።

እና መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለዩ፦ አፕ መታገድና ዳታ መቋረጥ። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ዳታው አልጠፋም ነበር፤ ቪፒኤን የሚያዋጣው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ዳታው ራሱ ሲቋረጥ የሚቀራችሁ ተራ ጥሪ፣ ኤስኤምኤስና እንደ *889# (ንግድ ባንክ) እና *127# (ቴሌብር) ያሉ ኮዶች ናቸው (ገንዘብ ለመላክ ያድናሉ፣ አሁኑኑ ሞክሯቸው)። ጥሪውንና ኤስኤምኤሱን ግን እንዳልታሸገ ደብዳቤ ቁጠሩት። መሀል ላይ ያለው ኔትወርክ ሊያየው ይችላል።

ቪፒኤን ዛሬ አውርዱ፣ ከታገደ በኋላ ማውረጃውም ሊታገድ ይችላል። ሳይፎንና ፕሮተን በነፃ ይሠራሉ። ጓደኛ በዜንደር የላከላችሁን ፋይል ግን አትጫኑ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማን አይቶት? ደግሞ ቪፒኤን ከኔትወርኩ ይደብቃችኋል እንጂ ከቪፒኤኑ ባለቤት አይደብቃችሁም። የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ማለት ከአንዱ ዓይን ሸሽቶ ሌላው ፊት መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራም። እኛ አገር ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ብዙ ሰው ቴሌግራም የጻፈውን ሁሉ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ይመስለዋል። አይደለም። ከምትጽፉት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም እንዳያነበው) የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፣ ያውም ለሁለት ሰው። ተራው ቻት፣ ግሩፑም ቻናሉም ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ዋትሳፕና ሲግናል ሳትነኳቸው ይቆልፋሉ፤ ዋትሳፕ ላይ ግን ባካፑን (የመልእክቱን መጠባበቂያ ቅጂ) ለብቻው ካልቆለፋችሁት እሱ ክፍት ይቀራል።

ሌላው፣ ቴሌግራም በኤስኤምኤስ በሚመጣ ኮድ ሊከፈት ይችላል። ሲማችሁን የያዘ ወይም ኤስኤምኤሱን ማየት የሚችል ሰው አካውንታችሁን ከፍቶ ሊገባ ይችላል ማለት ነው! መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። የራሳችሁን ፓስወርድ አስገቡ፣ የልደት ቀን አይሁን። እዚያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ «ማንም» አድርጉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ 300 ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ የልባችሁን ከተናገራችሁ ግን ምንም አላደረጋችሁም። ድሮ ግድግዳ ነበር ጆሮ ያለው፣ አሁን ስክሪንሾት ነው። ሚስጥር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ረቂቅ ማሽን ሳይሆን አብሮ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። ሕጉንም እወቁ፦ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ላይክ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም፣ ሼር ግን ሌላ ነው። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ውሰዱ።

ስልኩ ሰው እጅ ሲገባም አስቡት። በጣት አሻራ ፈንታ ባለ ስድስት አሃዝ ፒን፣ መልእክቱ ስክሪኑ ላይ እንዳይነበብ ኖቲፊኬሽኑን መደበቅ፣ በቃ።

ያን የአክስቴን ልጅ በቀደም አግኝቼው ቴሌግራሙ ላይ «ዲቫይስ» የሚለውን፣ አካውንቱ የት የት እንደተከፈተ የሚያሳየውን፣ አስከፈትኩት። ሦስት መሣሪያ ይታያል። አንዱ በእጁ ያለው፣ አንዱ ላፕቶፑ። ሦስተኛው ከጥቂት ወራት በፊት ውስጡ ያለውን ሳያጠፋ የሸጠው ሳምሰንግ ነው፣ ትናንት ማታ ተገብቶበታል። ለማን እንደሸጠው አያስታውስም። ያኔ ገና ፊቱ ተለወጠ፣ እኔ ሳልነግረው ራሱ ተጭኖ አስወጣው።