ቴንዚን የትኛው ነው? የቲቤታውያን ስደተኞችን ሕይወት በምርመራ ድራማ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል እንበል። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ፣ ቲቤታውያን በብዛት በሚኖሩበት በጃክሰን ሃይትስ ሰፈር አንድ አዛውንት በክፍላቸው ሞተው ተገኙ። ትራሳቸው ሥር «ቴንዚን» የሚል ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አለ። መርማሪው ገዳዩን ያወቀ ያህል ተነሥቶ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የቲቤታውያን የሃይማኖት መሪ የሆኑት አሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ ቴንዚን ጊያትሶ ስለሚባሉ ስማቸውን የወረሰው ሰው ብዛት ለጉድ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ቴንዚን ይባላሉ። ሁለተኛው ስምም ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ስለዚህ እህትና ወንድምን በስም ማዛመድ አይቻልም። በባዕድ አገር የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም እየተባለ ስንት ጣጣ ላየን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ግራ መጋባቱን አትሽሹት። መርማሪው ሁለት ክፍል ሙሉ ወንድ ሲያሳድድ ይክረም፤ ቴንዚን ግን በየማለዳው ለሟቹ ጨውና ቅቤ የገባበት ሻይ የምታመጣው ጎረቤት ትሁን። ከትውልድ ቀን የሚወጡ ስሞችም አሉ፤ ላክፓ ረቡዕ፣ ፓሳንግ ዓርብ ማለት ነው። የላክፓ መታወቂያ ዓርብ ተወለደ ካለ፣ ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬ ይጭራል።

ሁለተኛው አስከሬኑን ይመለከታል። ቤተሰቡ «ቶሎ አይነካ» ሲል ደራሲው የጥፋተኝነት ምልክት ያደርገዋል። በእምነታቸው ግን የሟቹ ንቃት ወዲያው ከሥጋው ላይለይ ይችላል፤ ጸሎቱም እስከ 49ኛው ቀን በየሳምንቱ ይቀጥላል። አርባና ተዝካር ለሚያውቅ ተመልካች ማብራሪያ ማብዛት አያስፈልግም። ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ በየሰባት ቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ የሚሰበስብ እንዲህ ያለ ሥርዓት እያለ፣ ሰዎቹን ለማገናኘት ሰበብ የሚፈልግ ጸሐፊ ያስገርመኛል።

ዝም ያለ ምስክር ሁሉ ወንጀል ደባቂ አይደለም። በቻይና አገዛዝ ሥር ባለችው የቲቤት ዋና ከተማ በላሳ ወንድም ያለው ሰው ስሙ ፖሊስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚፈራው ለራሱ ሳይሆን ለወንድሙ ነው።

አነጋገሩም ይታሰብበት። ታላቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ «ላ» ይጨመርበታል፤ እናት «አማላ»፣ አባት «ፓላ» ይባላሉ። አንቱታን ከልጅነቱ የለመደ ጸሐፊ ይህን ሳይጠቀምበት ቢቀር ስንፍና ነው። ጠቡ በጩኸት ሳይሆን ያቺ «ላ» አንድ ቀን ስትቀር ይታወቅ።

በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ትዝታና በሕልሙ ገዳዩን የሚያይ መነኩሴ ይቅሩ። ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ከተሰደዱበት ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በስደት የተወለደው ብዙ ነው፤ የአንዳንዱ የልጅነት ትዝታ ደቡብ ሕንድ፣ ባይላኩፔ ያለው የበቆሎ ማሳ ነው።

አልባሳት ለምታዘጋጁ ደግሞ፦ ፓንግደን የሚባለው ባለ ሸንተረር ሽርጥ በልማድ ያገባች ሴት መታጠቂያ ነው። ላላገባችው ልጅ በስህተት አታስታጥቋት። ሆን ብላችሁ ካስታጠቃችኋት ግን ቀድማ የምታየው መርማሪው ሳይሆን በጸሎቱ መሀል ዶቃ የምትቆጥረው አሮጊት ትሁን።