የአያት አገር ፍለጋ ስትሄዱ እነዚህን አታድርጉ

ገና ከመኪና እንደወረዳችሁ «የአያቴ መሬት የቱ ጋ ነበር?» አትበሉ። እባካችሁ!

ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ዘር መቁጠር ለወግ ብቻ አልነበረም። ርስት፣ ማለትም የዘር መሬት፣ የሚገኘው በእናትም በአባትም መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው ዋና አባት ቆጥሮ ነበር። ቆጥሮ ያስመሰከረ ድርሻ ይጠይቃል፤ ሙግቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ስጋቱ ግን አልቀረም። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ የማሳ ድንበር ፎቶ ሲያነሳ አይቻለሁ። ጠዋት አገላብጠው የሳሙት ዘመዶቹ ከሰዓት በኋላ ዘጉት። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያችው ማሳ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሚከበሩ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። የመጣችሁበትን ጉዳይ እሳቸው ያስረዱላችሁ። እናንተ ስለ ሰው ብቻ ጠይቁ።

«አገራችን ጎጃም ነው» ብሎ መነሳትም አይበቃም። ገጠር ውስጥ ሰው የሚታወቀው በደብሩ ነው። የየትኛው ሚካኤል፣ የየትኛዋ ማርያም ሰው እንደነበሩ ሳታውቁ አትውጡ። ስማቸውንም በደንብ አጣሩ። አያታችሁን መንደሩ የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ወይም በቅጽል ስማቸው ሊሆን ይችላል። ቄሱ ደግሞ የሚያስታውሱት የክርስትና ስማቸውን ነው። ይህን ሁሉ የሚነግሯችሁ ቤታችሁ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አሁኑኑ ደውሉላቸው።

ሽማግሌን «አያቴ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብላችሁ አታድክሙ። «ጣሊያን ሲገባ አያቴ እረኛ ነበሩ ወይስ ትዳር ይዘው ነበር?» በሏቸው። ከ1928 ዓ.ም. ወደ ኋላ መቁጠሩ የእናንተ ሥራ ነው።

ሳታስፈቅዱ ድምፅ አትቅዱ።

ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰዉም እርሻ ላይ ነው። የደብሩን ታቦት የንግሥ ቀን ጠይቃችሁ ለዚያ ድረሱ። ሌላ አገር ያገቡት ሳይቀሩ ይመጣሉ። ሰላሙንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

የሚያናድደኝ ደግሞ የሴት አያትን መርሳት ነው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ተድራ የመጣችው ከሌላ ደብር ነው። የባሏን ዘር ቆጥራችሁ ከተመለሳችሁ ግማሹን ትታችሁ መጣችሁ ማለት ነው። የትውልድ ደብሯን ጠይቁና እዚያም ሂዱ። ቀኑ ካልበቃችሁ የመመለሻ ትኬቱን አራዝሙት።