አልጋ የያዘ ሰው ለምታስታምሙ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልጋ የያዙ አንዲት እናት አስታምማለሁ፤ እንጀራዬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ብብታቸውን ይዤ ወደ ላይ እጎትታቸው ነበር። እሳቸው "ኧረ ልጄ፣ ትከሻዬን!" ይላሉ። እኔም ማታ ወገቤን ይዤ አቃስታለሁ።

አሁን ጋቢ አጥፌ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው ከሥራቸው አነጥፋለሁ። ልጃቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ጠርዙን ጠቅልለን እንይዝና እኩል ከፍ አድርገን እናንቀሳቅሳቸዋለን። ቆዳቸው ከአንሶላው ጋር አይፋተግም። ጋቢው ግን እንዳይጨማደድ፤ የተጨማደደው ቦታ ራሱ ያቆስላል።

ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን እቀይራለሁ። ስልኬ ላይ አላርም አለ፤ ቡና ከተፈላ ማን ያስታውሳል! ሳገላብጣቸው መቀመጫቸውን፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን አያለሁ። ከሌላው የጠቆረ ወይም የቀላ፣ ትኩስ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት "በቅቤ እሺው" ይላል። እንዳትሰሙ! እዚያ ላይ ማሸት ያባብሰዋል። በዚያ ጎን አታስተኟቸው፤ ለጤና ባለሙያም አሳዩ።

ለተረከዝ ደግሞ ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርጉት። ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንጠልጠል።