ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሻገተ ቡና፦ የጓሮ ቡና ስናደርቅ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ላይ ቡና መልቀም አይከብድም፤ ጭንቁ ማድረቁ ነው። እሸቱ ሲቀላ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልለቀቀም። ጥቅምት ላይ ጠዋት ጉም ነው፣ ከሰዓት ደመና ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ። ጓሯቸው ጥቂት እግር ቡና ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ፀሐይ ላይ አስጥቼው እንዴት ሻገተ?»

ቡናን ፀሐይ ብቻውን አያደርቀውም። ፀሐይ ውሃውን ከፍሬው ያስወጣል፤ ይዞት የሚሄደው ግን ነፋስ ነው። ነፋስ ካላገኘ እርጥበቱ እዚያው ቡናው መሀል ይቀራል። ቀይ እሸት ሲለቀም ከክብደቱ 60 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ለማስቀመጥ ደግሞ ፍሬው ወደ 11 በመቶ መውረድ አለበት። ይህን ሁሉ ውሃ የሚያወጣው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ነው። ከታች ያሉት ችግሮች በሙሉ የሚፈጠሩት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣበት

ሻጋታ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው «ማታ በምን ሸፈናችሁት?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ «በላስቲክ» ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ላስቲኩን ስትገልጡ ከስር ያለውን ገጽ በእጃችሁ ዳብሱት። እጃችሁ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ ቡናው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያወጣው ነው። መውጫ ስላጣ ተመልሶ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል።

ላስቲኩን አትጣሉት፣ ግን ቡናውን አይንካው። ቡናው በተሰጣበት የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ እንጨት አጎንብሳችሁ እንደ ጎጆ አድርጋችሁ ዘርጉትና ሁለቱን ጫፎች ክፍት ተዉ። ዝናቡን ይከላከላል፣ ነፋስም ያልፍበታል። ጠዋት ደግሞ አትቸኩሉ። ጉሙ ሳይገፈፍ በ1 ሰዓት ብትገልጡት ጤዛ ታስጠጡታላችሁ። ጉሙ ተነስቶ አልጋው እስኪደርቅ፣ እስከ 3 ሰዓት ገደማ ጠብቁ።

ሁለተኛው ምክንያት ውፍረት ነው። እሸቱ ከሁለት ጣት በላይ ከተከመረ መሀሉ አየር አያገኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ስስ አድርጋችሁ አስጡ፤ ቀን ቀን በየሰዓቱ አገላብጡ። የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ካላችሁ ወገብ አካባቢ ከፍ ይበል፤ ነፋስ ከስርም እንዲገባ። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ከስሩ እርጥበት ይስባል፣ የአፈር ጠረንም ይይዛል። ያንን ጠረን ቆልቶ ማጥፋት አይቻልም።

የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ። አጥባችሁ መልሳችሁ አትቀላቅሉት። ቡና ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል መርዝ ይሠራሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በዚህ ነገር አልደራደርም፤ ይህን ቡና የምታጠጡት ልጆቻችሁንና እንግዶቻችሁን ነው።

ውጪው ጠቁሮ ደረቀ፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው

ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። ጀንፈሉ፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና፣ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ ስታዩት የደረቀ ይመስላል። አክስቴ በዓይን አታምንም። እፍኝ ጀንፈል ትይዝና ጆሮዋ ስር ታንኮሻኩሸዋለች። ድምፁ ከደነዘዘ «ገና ነው» ብላ ወደ አልጋው ትመልሰዋለች። የደረቀ ጀንፈል ውስጥ ፍሬው ከገለባው ስለሚላቀቅ ጥርት አድርጎ ይንኳኳል። እኔ ደግሞ ጥቂቱን ፈልፍዬ እነክሳለሁ። የጥርስ ምልክት ከያዘ አልደረቀም።

ምክንያቱ ከልክ ያለፈ የፀሐይ ሙቀት ነው፣ ወይም በደንብ አለመገላበጥ። ልጣጩ ቶሎ ሲደርቅ የውስጡ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ የባሰ ፀሐይ አታሳዩት። ማታ ሰብሰብ አድርጋችሁ በንጹህ ጆንያ ሸፍኑት፤ እርጥበቱ ከውስጥ ወደ ውጪ ይደላደላል። በማግስቱ ስስ አድርጋችሁ መልሳችሁ አስጡት። ይህ የሚሠራው ግን ወደ መጨረሻው ለተቃረበ ቡና ብቻ ነው። እርጥብ እሸት ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይበላሻል።

ጠላ ጠላ ወይም ኮምጣጤ ይሸታል

እሸቱ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ አድሯል ማለት ነው። መመለሻ የለውም። የለቀማችሁትን በዚያው ቀን አስጡ፤ የወደቀውንና ያልበሰለውን ከቀዩ ለዩ።

ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ሞቀ፣ ነጣ፣ ጠረኑ ተቀየረ

እኔም አንድ ዓመት ያለቀስኩት በዚህ ነው። አልጋ ላይ አምሮበት የነበረ ቡና ክረምት መሀል ስከፍተው ሽታው እንደ እርጥብ ምድር ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ጆንያውን ያስቀመጥኩት ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ ነበር። ወለሉም ግድግዳውም በክረምት እርጥበት ያቀብላሉ።

ከጆንያው ስር የእንጨት ርብራብ አድርጉ፤ ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት። ኩሽና አጠገብ አይሁን፤ እንፋሎትም ጭስም ይጠጣል። ከተቻለ እስከምትፈልጉት ቀን ድረስ ሳትፈለፍሉት በጀንፈሉ አቆዩት፤ ገለባው ይጠብቀዋል።

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሙከራ ሥሩ። ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ የተፈለፈለ ቡና እስከ ግማሹ ሙሉ። ትንሽዬ የእርጥበት መለኪያ ውስጡ አድርጋችሁ ግጠሙትና ጥላ ቦታ ይደር። ጠዋት ከ55 እስከ 65 በመቶ ካነበበ ጆንያ ይግባ። 70 ከደረሰ ወደ አልጋው ይመለስ። መለኪያ የሌለው ሰው ማሰሮው ውስጥ ደረቅ ጨው ጨምሮ ይሞክራል፤ ጨው ከተጣበቀ ቡናው በጣም እርጥብ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ጨው ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ጨው አልተጣበቀም ማለት ቡናው ደርቋል ማለት አይደለም።

ሲፈለፈል ይሰባበራል

ከልክ በላይ ደርቋል። የሚጠጣ ነው፣ ግን ክብደትና ቃና ያጣል። በሚቀጥለው ዙር ከመጨረሻዎቹ ቀናት ጀምሮ በየቀኑ አንኮሻኩሹ፣ ንከሱ። አንዴ ጥሩ ከደረቀ አንድ ቀንም ፀሐይ ላይ አይዋል። በክረምት ጆንያ መክፈት ካለባችሁም ዝናብ ያባራበትን፣ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ምረጡ፤ የምትፈልጉትን ያህል ዘግናችሁ ወዲያው እሰሩት።