የተጋራ ፎልደር በቤት ኔትወርክ አልከፈት ሲል ፈቃዱን መፈተሽ

በአንድ ራውተር ከተገናኙ የቤት ውስጥ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ የተጋራ ፎልደር ከሌላው አልከፈት ካለ፣ አስቀድሞ የሚወጣውን መልእክት በጥሞና ማንበብ ይገባል። መልእክቱ ኮምፒውተሩ ወይም መንገዱ አልተገኘም የሚል ከሆነ ችግሩ የግንኙነት ነው፤ ፋይሎቹ ባሉበት ኮምፒውተር ላይ የኔትወርኩን ዓይነት ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፕራይቬት» መለወጥና ፋይል ማጋራት መፈቀዱን ማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፈቃድ የለዎትም የሚል ከሆነ ግን ኮምፒውተሮቹ ተገናኝተዋል፤ መፈተሽ ያለበት ፈቃዱ ነው።

ዊንዶውስ በኔትወርክ የመጣን ተጠቃሚ ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። አንደኛው በፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሼሪንግ» በሚለው ክፍል የሚሰጠው የማጋሪያ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሴኩሪቲ» በሚለው ክፍል የሚገኘው የፎልደሩ የራሱ ፈቃድ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ሰው) ለሚለው «ፉል ኮንትሮል» (ሙሉ ፈቃድ) የሰጠ ሰው፣ በሁለተኛው የተጠቃሚው ስም ወይም እሱ ያለበት ቡድን ከሌለ ምንም አላተረፈም። («ሴኩሪቲ» የሚለው ክፍል ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ዲስኩ ወይም ፍላሹ ፎርማት የተደረገው እንዲህ ያለውን ፈቃድ በሚይዘው በኤንቲኤፍኤስ ሳይሆን በማይይዙት በፋት 32 ወይም በኤክስፋት ሊሆን ይችላል።)

ይበልጥ የሚያደናግረው ፎልደሩ ተከፍቶ አንድ ፋይል ብቻ እምቢ ሲል ነው። ለምሳሌ አባት ከራሳቸው «ዶክመንትስ» ውስጥ አንድ ፋይል «ከት» አድርገው በዚያው ዲስክ ላይ ወዳለው የጋራ ፎልደር ቢያዛውሩት፣ ፋይሉ ለእሳቸው ብቻ የተሰጠውን የቀድሞ ፈቃድ ይዞ ስለሚሄድ ልጆቹ ስሙን እያዩ ሊከፍቱት አይችሉም። «ኮፒ» የተደረገ ፋይል ግን የገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ ስለዚህ ቀላሉ መፍትሔ ኮፒ አድርጎ የተዛወረውን ማጥፋት ነው።

ስምና የይለፍ ቃል ሲጠየቁ የሚያስገቡት ፋይሎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር አካውንት ነው። ኮምፒውተሩን ለመክፈት የሚያገለግለው አጭር ፒን እዚህ አይሠራም፤ የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም እንደ ተለመደው ቅንብር በኔትወርክ አይገባም። አንዳንዶች በዚህ ተሰላችተው የይለፍ ቃል ጥበቃውን ጨርሶ ያጠፉታል፤ እንግዳ ሁሉ ዋይፋይ በሚጠይቅበት ቤት ይህ ፈጽሞ አይመከርም። ለማጋሪያ ብቻ የሚሆን አካውንት ከፍቶ፣ ማንበብ ብቻ ለሚበቃቸው «ሪድ»፣ መጻፍ ለሚያስፈልጋቸው «ቼንጅ» መስጠት የተሻለ ነው። ትክክለኛው የይለፍ ቃል ገብቶም እምቢ ካለ፣ ፎልደሩን ለመክፈት በሚሞክረው ኮምፒውተር «ክሬደንሻል ማኔጀር» ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ መግቢያ አጥፍቶ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ መሞከር ነው።