የካንጋል ቡችላን ከመንጋ ጋር ማላመድ

በግ ጠባቂው የውሻ ዝርያ ካንጋል የመጣው ከቱርክ፣ ከሲቫስ ግዛት ካንጋል ወረዳ ነው። የአካባቢው እረኞች በግ የሚያባርረውን ውሻ እያስወገዱ፣ ከመንጋው መሀል ተኝቶ ተኩላ ሲመጣ የሚነሣውን አራብተዋል። በናሚቢያም የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይህንና የአናቶሊያ እረኛ ውሻን ለገበሬዎች ይሰጣል።

ካንጋል እንደ በግ ነጂው ውሻ ቦርደር ኮሊ በትእዛዝ በግ እንዲነዳ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ኮሊ የሚነዳው በአደን ጠባዩ ነው፤ አፍጥጦ ያያል፣ ያደባል፣ ይከተላል። በካንጋል ይህ ጠባይ እጅግ የደከመ ነው። በጎቹን የሚጠብቀው አብሯቸው ስላደገ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በእድሜ ይወሰናል። ቡችላ ከሌላ እንስሳ ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ገደማ ነው። 8 ሳምንት ሲሞላው ከእናቱ ለይተው በቀጥታ ጉረኖ ያስገቡት። «ትንሽ ይጠንክር» ብለው ቤት ካቆዩት ከሰው ጋር ተላምዶ ደጃፍ ላይ የሚተኛ ውሻ ይሆናል። መጀመሪያ ከጥቂት ረጋ ያሉ በጎች ጋር ያድርጉት፤ የሚወጋ አውራ በግ ካስፈራው ከመንጋው ይሸሻል። ጥግ ላይ እሱ ብቻ የሚሾልክበት መጠለያ ይሥሩለት፣ ምግቡንም እዚያ ይስጡት። በጎች ምግቡ ላይ ከደረሱ መናከስን ይለምዳል። በየቀኑ እግሩንና አፉን ይዳስሱ፣ በማሰሪያ ያራምዱት፤ ሰው የማያስነካ ውሻ ክትባት እንኳ ለመስጠት ያስቸግራል።

ፈተናው ከ5 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጠቦት ያሯሩጣል፣ ጆሮ ይነክሳል፣ ጸጉር ይነጫል። ይህ ጨዋታ እንጂ ረሃብ አይደለም፣ ግን ካልተገታ ጠቦት ይገድላል። ሲጀምር እዚያው «ተው» ብለው ያስቁሙት፤ ቆይቶ መቅጣት ምንም አያስተምረውም። ጠቦቶቹን ለይተው ከማይሮጡ ትልልቅ በጎች ጋር ይተዉት። ከመንጋው አርቆ ማሰር ትስስሩን ያላላል። ሁለት ወንድማማች ቡችሎችን አንድ ላይ ማሳደግም አይመከርም፤ እርስ በርስ እየተነሣሡ በጎቹን መጫወቻ ያደርጓቸዋል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ተስፋ ቆርጦ ውሻውን ይሸጣል፤ ችኮላ ነው፣ ካንጋል የሚበስለው ወደ 2 ዓመት ገደማ ነው።

በግ ስትወልድ መጀመሪያ ላይ ከውሻው አጠገብ ይሁኑ። እንግዴ ልጁን ቢበላ ችግር የለውም፤ ግልገሉን ከእናቱ ቀድሞ ከላሰ ግን እናቱ ግልገሉን ልትገፋው ትችላለች። የታረደ በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ፈጽሞ አይስጡት፤ የኮሶ ትል እጭ የያዘ፣ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለበት ውሻው የትሉ ተሸካሚ ሆኖ ወደ በግም ወደ ሰውም ያስተላልፋል። በየ6 ሳምንቱ በክብደቱ ልክ ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ ትል መድኃኒት ይሰጠው።