ወቅታዊ የመዝናኛ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን እንዴት ያሰላል?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደው እንግዳ ይበዛል። ጀልባ የሚቀዝፍ፣ ድንኳን የሚተክል ወጣትም ለጥቂት ወራት ይቀጠራል። እኔም ሠርቼበታለሁ። ያመሸሁባቸውን ቀኖች ስላልጻፍኩ ሒሳብ ሲዘጋ የማሳየው ነገር አጣሁ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ውላችሁን በጽሑፍ ያዙ። በቃል ከተቀጠራችሁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ እንዲሰጣችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያዛል። ሥራው ወቅታዊ መሆኑ የትርፍ ሰዓት መብትን አያስቀርም።

ከዚያ ትንሽ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የገባችሁበትን፣ ምሳ የወጣችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት በየማታው ጻፉ። ማን አምሹ እንዳላችሁም ጨምሩ፤ ትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው አሠሪው ሲያዝ ነውና። ትእዛዙ በስልክ መልእክት ከመጣ አታጥፉት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ይህ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። ደመወዛችሁ 6,240 ብር ነው እንበል፤ ለ208 ስታካፍሉት የአንድ ሰዓት ዋጋ 30 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

ረፋድ 5 ሰዓት ገብታችሁ፣ አንድ ሰዓት ምሳ በልታችሁ፣ ምሽት 2 ላይ 8 ሰዓታችሁ ሞላ። እንግዶቹ እሳት ዳር ስላመሹ እስከ 5 ሰዓት ቆያችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በ45 ብር 90 ብር፣ የመጨረሻዋ 52.50 ብር፤ በድምሩ 142.50 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት በዓል ላይ ነው። መስከረም 17 መስቀል የሕዝብ በዓል ስለሆነ መደበኛው ሰዓት ራሱ እጥፍ ይከፈላል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ግን መንገዱ በምእመን ቢሞላም በሕግ የሥራ ቀን ነው፤ የበዓል ክፍያ አትጠይቁበት፤ የእረፍት ቀናችሁ ከሆነ ግን በእረፍት ቀን ስሌት ይታሰባል።

ውሉ ሲያልቅ ቀሪ ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ አትዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ደብተሩንና ውሉን ይዛችሁ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።